ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ

ይህ ተረት ሁለት ቦታ ይሰማል። ለቅሶ ቤት፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ለተቀጨ ሰው በሐዘን ይነገራል። ቡና ላይ ደግሞ፣ አገር አቋርጣለሁ እያለ ከደጁ ላልራቀ ሰው በሽሙጥ ይወረወራል። በሁለቱም ቦታ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሐሳብ ረዘመ፣ እግር አጠረ።

ተረቱን ግን ወደ መንገድ እንመልሰው፤ «አዳሪ» የመንገደኛ ቃል ነውና።

ከሚሴ አጠገብ ያለውን የጨፋ ረግረግ ቦርከና ያጠጣዋል። በጋው ሲጠና የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመላቸውን እየነዱ ወደዚህ ሣር ይመጣሉ። ሐሳባቸው ጨፋ ነው። የዕለቱን ማደሪያ የሚቆርጡት ግን ውሃው ያለበት ቦታና ከመንጋው ሁሉ ደካማዋ ጥጃ ናቸው። ጥጃዋን ረስቶ የገሰገሰ፣ ጨፋ የሚደርሰው በትሩን ብቻ ይዞ ነው።

ከጨፋ ወደ ሰሜን ተራሮች እንውጣ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ደጀንን ያሰበ እግረኛ ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ ያድራል። ከጨነቅ በቧሂት በኩል 4,200 ሜትር ገደማ ድረስ ይወጣል፤ ከዚያ ያን ሁሉ አቀበት እስከ መሸሃ ወንዝ ወርዶ ያስረክበዋል። እንደገና ጥቂት ወጥቶ አምቢቆ ያድራል። በማግስቱ ሳይነጋ ተነሥቶ ጫፉን ይረግጣል፤ ሲመሽ ግን ማደሪያው ያው አምቢቆ ነው።

የዓለም ተራራ ወጪዎችም ደንባቸው ይኸው ነው፦ ቀን ከፍ ብለህ ውጣ፣ ሌሊት ዝቅ ብለህ ተኛ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታህን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር ይላሉ ሐኪሞች። አየሩ ስስ ነው፤ የቸኮለን ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዘዋል፣ ሲብስም ሳንባው ወይም አንጎሉ ፈሳሽ ቋጥሮ ሊገድለው ይችላል። ለስድብ የተወረወረው ተረት እዚህ መድኃኒት ሆነ።

ታዲያ ሽሙጠኞቹ ተሳስተዋል? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ስንቁን ቋጥሮ፣ ጫማውን ገዝቶ፣ ዓመት ዓመት «ዘንድሮስ እሄዳለሁ» የሚል ሰው አለ። እሱን መሸሙጥ ተገቢ ነው፤ «አዳሪ» የሚለው ስም ብቻ ተሳስቷል፤ እሱ ከቤቱ አልተነሣምና። ለቅሶ ቤት የሚነገረውም እውነት ነው፤ መንገዱ የት እንደሚቆረጥ የሚያውቅ የለም። ይህ ግን ማደሪያን አስልቶ ለመሄድ ምክንያት ይሆናል እንጂ ላለመነሣት ምክንያት አይሆንም።

ጨፋ የከረሙት አርብቶ አደሮች የመጡበት ቆላ ዝናብ ሲያገኝ ጠቅልለው ይመለሳሉ። ማደር ማለት ይህ ነው፤ ሲነጋ መነሣት አለበት። ተረቱም «አዳሪ» አለ እንጂ «ቀሪ» አላለም።