ሳያውቅ የተከለከለ መድኃኒት ስለ ዋጠ ተወዳዳሪ

ቅጣት የሚገባው ለእጅ ሥራ ነው ወይስ ለልብ አሳብ? ይኽ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ዳኞችን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው፤ በዘመናችንም በስፖርት አደባባይ እንደገና ተነሥቷል። ለጉንፋን የሚሰጥ ተራ መድኃኒት በውድድር የተከለከለ ቅመም ቢገኝበት፥ ታሞ የዋጠው ሰው እንደ አታላይ ሊቀጣ ይገባዋልን?

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይገለጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር፥ አንድሬያ ራዱካን የተባለች የ16 ዓመት ሮማንያዊት ልጅ በጂምናስቲክ አጠቃላይ ውድድር አንደኛ ወጥታ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። ነገር ግን የቡድኑ ሐኪም ለጉንፋን ብሎ በሰጣት ኪኒን ውስጥ ፕስዩዶኤፌድሪን የሚባል የተከለከለ ቅመም ነበረ፤ ይኽም በምርመራ ስለ ተገኘ ሜዳሊያዋ ተወሰደ። ለስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት አቤት ብትልም አልተሳካላትም። በዚያው አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ብሪታንያዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ አሌን ባክስተር፥ በአገሩ የለመደውን የአፍንጫ መድኃኒት በአሜሪካ ገዝቶ ተጠቀመ። ስሙ አንድ ቢሆንም የአሜሪካው ቅመም ሌላ ስለ ነበረ የነሐስ ሜዳሊያውን አጣ።

ሕጉን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት ነገር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ፥ አታላይ ሁሉ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ባለ ነበር። መርማሪ ሽንትን ይመረምራል እንጂ ልብን ሊመረምር አይችልም። ደግሞም ያለ አንዳች ቅመም የተወዳደረው ሰው መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል።

ይኹን እንጂ መመለስ ሌላ፥ መቀጣት ሌላ ነው። የተሰረቀ በሬ ሳያውቅ ከገበያ የገዛ ሰው በሬውን ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ሌባ ተብሎ ግን አይገረፍም። እንደዚሁም ቅመሙ የተገኘበት ተወዳዳሪ ውጤቱን ቢመልስ ለሕጉ ይበቃል። ከዚያ አልፎ በእገዳ ዓመታቱን መንጠቅና ስሙን ከአታላዮች ጋራ መቍጠር ግን ጥፋቱ ተመዝኖ እንጂ በጅምላ ሊሆን አይገባም።

በ2021 ዓ.ም. የጸናው የዓለም ፀረ ዶፒንግ ሕግ ወደዚህ አሳብ ቀርቧል። ታማሚው አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅበትን መንገድ ሰጥቷል፤ አንዳች ጥፋት እንደሌለበት ያስረዳም ከእገዳ ይድናል። ነገር ግን «ሐኪሜ ሰጠኝ» የሚል ምክንያት ቅጣቱን ቢያቀልል እንጂ በሙሉ አያነሣም። ይኽ ከባድ ነው፤ የ16 ዓመት ልጅ ሐኪሟን ካላመነች ማንን ታምናለች?

ሕጉን የሠሩትም ሰዎች ስለ ሆኑ አሳባቸው ይለወጣል። ራዱካንን ወርቅ ያሳጣት ቅመም በ2004 ዓ.ም. ከተከለከሉት ዝርዝር ወጣ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ150 ማይክሮ ግራም በላይ ሲገኝ ብቻ እንዲያስጠይቅ ሆኖ ተመለሰ። ዛሬ ጥፋት የተባለው ነገ ጥፋት የማይባል ከሆነ፥ በእንዲህ ያለ ሕግ ውጤትን መሰረዝ ይቻል ይሆናል፤ የሰውን ክብር መግፈፍ ግን አይቻልም።

ስለዚህ ተወዳዳሪው ከመዋጡ በፊት ይጠይቅ፤ ሐኪሙም ከመስጠቱ በፊት የቅመሙን ስም ያንብብ፤ ዳኛውም ከመቅጣቱ በፊት ሽንቱን ብቻ ሳይሆን ነገሩንም ይመርምር።