ሁለት ጣሳ

አንዲት እህል ነጋዴ ነበረች። ገበያው ጥግ ላይ ሽምብራ፣ ምስርና አተር ዘርግታ ትሸጣለች። ሁለት ጣሳ አላት። የአንዱ ታች ተመትቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በእሱ ትሸጣለች። የሌላው ወደ ውጭ ተነፍቷል፤ በእሱ ከገበሬ ትገዛለች። ከላይ ለሚያያቸው አንድ ናቸው።

ጎተራዋ ሞልቷል፤ ልቧ ግን አልሞላም። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ቁልቢ ድረስ ሄዳ ስለት አስገብታለች። ሌሊት ግን ስትገላበጥ ይነጋባታል። ገዢ ጣሳውን አንስቶ ገልበጥ ሲያደርገው ደረቷ ድው ይላል። ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሲኖር ቦታዋን ለሰው ትታ አትሄድም፤ የጣሳዎቹን ምሥጢር የምታውቀው እሷ ብቻ ናትና።

አንድ ቅዳሜ ወገቧን አመማትና ትንሿን ልጇን መስፈሪያው ጋ አስቀመጠቻት። የቱ ለምን እንደሆነ በጆሮዋ ነገረቻት። ልጅ ናት፤ ቶሎ ገባት። ብዙም ሳይቆይ የነፍስ አባቷ መጡ።

“አንድ ጣሳ ሽምብራ ስፈሪልኝ እስቲ፣ ልጄ።”

ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረችና ጮክ ብላ ጠየቀች።

“እማዬ፣ ለአባ በየትኛው ልስፈርላቸው?”

“በትልቁ” አለች እናት፣ ቀና ሳትል።

አባ ምንም አላሉም። የጋቢያቸውን ጫፍ ዘርግተው ተቀበሉ፤ ከፈሉ፤ ባርከው ሄዱ። ከኋላቸው እንጨት ሸጣ የምታድር አንዲት ምስኪን ሴት ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

“ለእትዬስ?” አለች ልጅቱ።

እናት መልስ ፈልጋ አጣች። አባ ሄደዋል፤ እግዚአብሔር ግን አብሯቸው አልሄደም።

“ለእሷም በትልቁ” አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ያን ዕለት ማታ ዘነዘናውን አነሳች። የገባውን ጣሳ ከውስጥ እየመታች፣ እያየች፣ ደግማ እየመታች አቃናችው። የተነፋውን ለዶሮዎቿ ውኃ ማጠጫ አደረገችው። ትርፏ ቀነሰ፤ ይህ መደበቅ የለበትም። የጎረቤት ልጅ ስትዳር ግን ገበያውን ለልጇ ትታ ሄደች፤ እስኪመሽም ስታጨበጭብ ዋለች።

ብዙዎቻችን ትእዛዝን እንደ ሸክም እንፈራዋለን። ይህችን ሴት ያጎበጧት ግን ሁለቱ ጣሳዎች ነበሩ። ጾሟ ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም፤ ምናልባት በዚያች ቅዳሜ “በትልቁ” ለማለት ጉልበት የሆናት እሱው ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ትልቅና ትንሽ መስፈሪያ በቤት እንዳይኖር ያዛል፤ መስፈሪያውን ላቀናም ረጅም ዕድሜ ተስፋ ይሰጣል። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ፣ እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ታዟል። ለበሬ አፍ ያሰበ ሕግ ለዚህች ሴት እንቅልፍም አስቦ ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።