የማይመጣው ተጋጣሚ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ማታ፣ ከኢንዲያና ግዛት የመጣው የኤቫንስቪል ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ በዚያ ሳምንት በመላው አሜሪካ አንደኛ ተብሎ ይቈጠር የነበረውን የኬንታኪን ዩኒቨርሲቲ፣ ያውም በገዛ ከተማው በሌክሲንግተን፣ 67 ለ64 አሸንፎ ወጣ። ለሐሳብ የሚመቸው ግን ድሉ ሳይሆን ከድሉ በፊት የተፈጸመው ውል ነው፤ ኬንታኪ ይህን እንግዳ ወደ ሜዳው ያስመጣው 90 ሺሕ ዶላር ከፍሎ ነበርና። ውሉ ስለ ጨዋታው ቀንና ስለ ክፍያው ይናገር እንጂ ተሸነፍ አይልም፤ ይህን የሚል ሐረግ ማንም አይጽፍም፣ ማንም አይፈርምም። ነገር ግን ታላቁ ለታናሹ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚከፍለው ምን ሊገዛ እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። ኤቫንስቪል በዚያች ሌሊት ሒሳቡን ተቀብሎ ዕቃውን ሳያስረክብ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህ ገበያ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ሥርዐት በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። በላይኛው ምድብ የሚጫወቱት ዩኒቨርሲቲዎች ከ360 በላይ ሲሆኑ፣ በማርች ወር ወደሚደረገው ታላቅ የጥሎ ማለፍ ውድድር የሚገቡት 68 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም እ.ኤ.አ. በ2025 እንደ ሆነው 31ዱ ኮንፈረንስ በሚባሉት ማኅበሮቻቸው ውስጥ ዋንጫ አንሥተው ማንንም ሳይለምኑ ሲገቡ፣ የቀሩትን 37 ወንበሮች 12 አባላት ያሉት መራጭ ጉባኤ በዝግ ቤት ተሰብስቦ ያድላል። ኮንፈረንሶቹም በቴሌቪዥን ገንዘብ የበለጸጉ ጥቂት ታላላቆችና ከእነርሱ በታች ያሉ ብዙ ናቸው፤ ከሁለተኞቹ መካከል ጥሩ ቡድን የሚያወጡት መካከለኞች ይባላሉ፤ እኔም በዚህ ስም እጠራቸዋለሁ። አንድ ቡድን በዓመት ከሚያደርጋቸው ሠላሳ ያህል ጨዋታዎች 18ቱን ወይም 20ውን ኮንፈረንሱ ራሱ ይደለድልለታል፤ የቀሩትን ግን አሠልጣኙ በየጓዳው እየዞረ፣ ማለት በስልክ እየለመነ፣ ማግኘት አለበት። ክረምቱ በዚህ ልመና ያልፋል። መልሱም ያው ነው፦ መርሐ ግብራችን ሞልቷል፤ እኛ ዘንድ የምትመጡ ከሆነ እናስብበታለን፤ ወደ እናንተ ግን አንመጣም፤ ቆይተን እንደውላለን።

እንቢታው ከትዕቢት የመጣ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ጉባኤው የሚረዳበት ኔት የሚባለው ሠንጠረዥ ጨዋታዎችን ሁሉ በአራት ክፍል ይመድባል፤ የከበረው አንደኛው ክፍል ሲሆን፣ አንድ ጨዋታ በእርሱ ውስጥ ለመቈጠር ተጋጣሚው በራስ ሜዳ ከ1 እስከ 30፣ በገለልተኛ ሜዳ ከ1 እስከ 50፣ ከሜዳ ውጭ ከ1 እስከ 75 ባለው ደረጃ ላይ መገኘት ይገባዋል። እንግዲህ በ60ኛ ደረጃ ላይ ያለ መካከለኛ ቡድን በ20ኛ ደረጃ ላይ ወዳለ ባለጸጋ ሜዳ ቢሄድ፣ ያው አንዱ ጨዋታ በሁለት ሚዛን ይመዘናል፤ ለሄደው በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንኳ ቢያገኘው የሚደሰትበት የአንደኛ ክፍል ዕድል ሲሆን፣ ለተቀባዩ ግን የሁለተኛ ክፍል ነው። ተቀባዩ ቢያሸንፍ የሚጠበቅበትን አደረገ ይባላል፤ ቢሸነፍ በገዛ ቤቱ ተዋረደ ይባላል። ከጃንዋሪ ጀምሮ በኮንፈረንሱ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ጨዋታ በየሳምንቱ ስለሚቀርብለትም፣ ይህን አደጋ በኖቬምበር ወር የሚገዛበት ምክንያት አይኖረውም፤ 250ኛውን ከፍሎ ማስመጣት ይሻለዋል። ስለዚህ የመካከለኛው ቡድን መከራ የሚመነጨው ከድካሙ ሳይሆን ከብርታቱ ነው፤ ደካማ ቢሆን ኖሮ ስልኩ በጠራ ነበር።

ስለ በደል ስናስብ በዐይነ ኅሊናችን ዘወትር ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንዱ በዳይ፣ አንዱ ተበዳይ። በዚህ ነገር ግን ተበዳዩ በግልጥ ቆሞ ሲታይ በዳዩ ተፈልጎ አይገኝም። የታላቁ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የተቀጠረው ለተማሪዎቹና ለትምህርት ቤቱ መልካሙን እንዲያደርግ ነው፤ ለሌላው ሰው የመፈተኛ ድንጋይ የመሆን ዕዳ የለበትም፤ ዕዳ አለበት ብሎ የሚከራከር ቢኖር በምን ሕግ እንደሚያስገድደው መናገር አለበት። ሠንጠረዡን የቀመሩትም ሰዎች ቢሆኑ ከቀድሞው የተሻለ ሚዛን ለማቆም የደከሙ ናቸው። እያንዳንዱ በየቦታው ርትዕ የሆነውን ሲያደርግ፣ ከርትዖቹ ድምር ግን ርትዕ ያልሆነ ነገር ይወለዳል።

በአገራችን በገና ጨዋታ ሜዳ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ የሚል ሥርዐት እንደ ነበረ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ይህን ሥርዐት ሳመሰግን ብዙ ዘመን ከኖርሁ በኋላ፣ ከቁጣው መከልከል በፊት ሌላ ነገር መኖሩን የተረዳሁት ይህን የአሜሪካኖች ጉዳይ ሳሰላስል ነው፤ ጌታው እንዳይቆጣ ከመባሉ አስቀድሞ ገናውን ይዞ ከሎሌው ጋር ወደ ሜዳው ወርዷል። ያልወረደ ጌታ አይቆጣም፤ የሚያስቆጣውም የለም፤ ሎሌው ግን ክንዱ ብርቱ መሆኑን የሚያሳይበት ቀን አጥቶ ዓመቱ ያልፋል።

ደግሞም ፍርሃቱ ከጉዳቱ ሳይበልጥ አይቀርም። ኬንታኪ በዚያ ዓመት ያን ሁሉ ኀፍረት ከተቀበለ በኋላ 25 ጨዋታ አሸንፎ፣ 6 ብቻ ተሸንፎ፣ የኮንፈረንሱን መደበኛ ውድድር በአንደኛነት ፈጽሟል። ኤቫንስቪል በአንጻሩ በራሱ ኮንፈረንስ፣ በሚዙሪ ቫሊ፣ 18 ጊዜ ተጫውቶ 18ቱንም ተሸነፈ። ይህ ሁለተኛው ነገር ለመካከለኞቹ ጠበቃ ለመቆም ለሚሻ ሰው የማይመች ነው፤ ሆኖም መሸሸግ አይገባም። አንዲት ሌሊት ሐሰተኛ ምስክር ልትሆን ትችላለች። መራጩ ጉባኤም አንድ ታላቅ ድል ብቻውን አይበቃኝም ሲል እውነት አለው፤ ነገር ግን የብዙ ምስክሮችን ቃል የሚጠይቀው፣ አንዱን ምስክር እንኳ በመከራ ያገኘውን ሰው ነው።

ወደ ሥረ ነገሩ ስንገባ፣ ብቃት ከመታየቱ በፊት አለ ወይስ ሲታይ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ይገጥመናል። እኔ ከመታየቱ በፊት አለ ከሚሉት ወገን ነኝ። በ2011 የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ወደ ውድድሩ መግባት አልነበረበትም ብለው በቴሌቪዥን የተቆጡ ተንታኞች ነበሩ፤ ቡድኑ ግን ከመጀመሪያው ማጣሪያ ተነሥቶ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደረሰ፤ ያ ኃይል በዚያ ሳምንት የተፈጠረ አልነበረም፤ በኃይል የነበረው በግብር ተገለጠ እንጂ። ዳሩ ግን መራጩ ጉባኤ ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ አይደለምና የሚያየው መዝገብ ነው፤ መዝገብ ደግሞ የሆነውን እንጂ ያልሆነውን አይጽፍም። በሰኔ ወር የተደወለውና በሐምሌ እንቢ የተባለው ስልክ በየትኛውም ዓምድ አይገኝም። በማርች ወር ግን ማን ማንን ገጠመ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያልተደረገው ጨዋታ የፈለገውን ሰው ይከሰዋል፣ የሸሸውን ሰው ነጻ ያወጣዋል። አልቦ የሆነው ነገር ፍርድ ይሰጣል ማለት ነው። በሥርዐቱ ውስጥ ያለውን ስሕተት አንድ ብቻ ጥቀስ ብባል የምጠቅሰው ይህን ነው።

በግእዝ ስምዕ ማለት ምስክርነት ነው፤ ሰማዕት የምንላቸውም ምስክሮች ናቸው፤ ስለ መሰከሩ ዋጋ የከፈሉ። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ሥር ማስቀመጡ የመሰከረ ሰው ሳይጎዳ የማይቀር መሆኑን ዐውቆ ይመስላል። ለመካከለኛው ቡድን ብርታት እውነተኛ ምስክር ሊሆን የሚችለው በእርሱ የተሸነፈው ታላቅ ቡድን ብቻ ነውና፣ እንዲህ ያለውን ሰማዕትነት በፈቃዱ የሚቀበል እምብዛም አይገኝም።

ታላላቆቹ ለራሳቸው ምስክር አያጡም። አንድ ኮንፈረንስ በኖቬምበርና በዲሴምበር ከውጭ ቡድኖች ጋር በሚያደርጋቸው ጨዋታዎች ከበለጸገ፣ ከጃንዋሪ በኋላ አባሎቹ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ የአንዱ ሽንፈት ለሌላው ድል ሆኖ ሀብቱ ከቤት አይወጣም። በ2025 ከሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ 16 አባላት 14ቱ ተመረጡ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ያሳዩት ብርታት እውነተኛ ስለ ነበረ ምርጫውን ሐሰት ልለው አልችልም፤ በዚያው ዓመት ከሁለት ዙር በኋላ የቀሩት 16 ቡድኖች ሁሉ ከአራቱ ታላላቅ ኮንፈረንሶች መሆናቸውም የጉባኤውን አሳብ ይደግፋል። መካከለኞቹም እርስ በርሳቸው ለመመስከር የሞከሩበት ዘመን ነበር። ከ2003 እስከ 2013 በፌብሩዋሪ ወር አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የተለያዩ ኮንፈረንሶችን መካከለኞች እያገናኘ ያጫውት ነበርና፣ በ2006 ጆርጅ ሜሰን ወደ ዊቺታ ስቴት ሄዶ ያሸነፈው በዚህ ነው፤ በማርችም ዳግመኛ በውድድሩ ውስጥ አግኝቶ አሸነፈው፤ እስከ መጨረሻዎቹ አራትም ደረሰ። ድኻ ለድኻ ሲያበድር የተገኘ ትርፍ ነበር። ከመካከላቸው የጸናው ሲበረታ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል የመካከለኞች አለኝታ የነበረው ጎንዛጋ ወደ ፓክ-12 ኮንፈረንስ እንደሚሻገር በ2024 አስታውቋል፤ ከእርሱ ጋር በመጫወት ደረጃቸውን ያነሡ የነበሩት ጎረቤቶቹም ምስክራቸውን ያጣሉ።

ከእነዚህ ሁሉ በታች ምስክርነትን ሳይሆን እንጀራን ፍለጋ የሚሄዱ አሉ። የሂውስተኑ ቴክሳስ ሳውዘርን፣ ከጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ፣ በ2017 መጨረሻ 13 ጨዋታዎችን በሙሉ በሰው ሜዳ ተጫውቶ 13ቱንም ተሸነፈ፤ ይህ የሆነው ከየሜዳው የሚገኘው ክፍያ ለእንዲህ ያለው ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍሉን የሚያቆም ምሰሶ ስለ ሆነ ነው። ወጣቶቹ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየበረሩ በየሌሊቱ ሲሸነፉ ምን እንዳሰቡ እኔ አላውቅም፤ በማርች ግን የኮንፈረንሳቸውን ዋንጫ አንሥተው ወደ ታላቁ ውድድር ገቡ፤ አንድ ጨዋታም አሸነፉ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ደስ የሚለኝ ይኸኛው ነው።

ኢንዲያና ስቴት ግን እንዲህ አልሆነለትም። ላሪ በርድ በ1979 ሳይሸነፍ እስከ ፍጻሜው ጨዋታ ያደረሰው ይህ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ2023 እስከ 2024 በነበረው ዘመን እንደ ገና ተነሣ፤ መነጽር ያደረገው ረጅሙ ሮቢ አቪላ ሲያቀብል የሚያየው ሰው ሁሉ ይደነቅ ነበር። ቡድኑ ወደ አላባማና ወደ ሚሺጋን ስቴት ሜዳ ሄዶ ሁለቱንም ተሸነፈ፤ የተፈቀደለት የታላላቆች ምስክርነት ይኸው ነበር። ሚዙሪ ቫሊን በአንደኛነት ፈጸመ፤ በዋንጫው ጨዋታ በድሬክ 84 ለ80 ተረታ፤ 28 አሸንፎ 6 ተሸንፎ፣ በኔት ሠንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ 30 ውስጥ ሆኖ፣ የምርጫውን እሑድ ጠበቀ። በዚያ ሳምንት ያልተጠበቁ ቡድኖች በየኮንፈረንሱ ዋንጫ አንሥተው ወንበሮቹን አጣብበው ነበርና ጉባኤው ስሙን ሳይጠራ ቀረ።

ወደ ሁለተኛው ውድድር፣ ኤንአይቲ ወደሚባለው፣ ገብቶ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ በኤፕሪል 4 ቀን በኢንዲያናፖሊስ በሂንክል አዳራሽ በተደረገው ፍጻሜ በሲተን ሆል 79 ለ77 ተሸነፈ። ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ አሠልጣኙ ጆሽ ሸርትዝ ወደ ሴንት ልዊስ ዩኒቨርሲቲ ተሾመ፤ አቪላም ተከተለው። ያን ቡድን በሚመጣው ክረምት እንግጠመው ብሎ የሚደውል ታላቅ ቢነሣ እንኳ፣ በስሙ ስልክ የሚያነሣው ሌላ ሰው፣ ማልያውን የሚለብሱትም ብዙዎቹ ሌሎች ነበሩ።