ራይልን መውደድ

ኮሊን ሁቨር እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» (በእኛ ያበቃል እንደ ማለት ነው) የሚጀምረው ቦስተን ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። ሊሊ ብሉም አባቷን ቀብራ በተመለሰች ማታ ብቻዋን ተቀምጣለች። የማታውቀው ወንድ በሩን በርግዶ ይወጣና አንዱን ወንበር በእርግጫ ይመታዋል፤ ይደግመዋል፤ ይሠልሰዋል። ሰውየው ራይል ኪንኬድ ይባላል፦ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚማር ሐኪም። የዚያን ዕለት አንድ ሕፃን እጁ ላይ ሞቶበታል። ይህን የሰማ አንባቢ እርግጫውን ይቅር ይላል፤ እንዲያውም ሰውየው አንጀቱን ይበላዋል። ሌላዋ አንባቢ ግን ከወንበሩ በኋላ ተራው የማን እንደሆነ ገብቷታል።

መጽሐፉ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ወጣቶች በቲክቶክ እየተቀባበሉት ገበያውን አጥለቀለቀው፤ በ2024 ደግሞ ፊልም ሆነ። አንባቢዎቹ ግን እስካሁን አልታረቁም። ግማሹ፣ «የሚደበድባትን ባል ለምን ትታው አትሄድም?» እያለ ሲፈርድ ለኖረ ሰው መልስ የሰጠ መጽሐፍ ነው ይላል። ግማሹ ደግሞ ዱላን በፍቅር ጠቅልሎ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጃገረዶች የሸጠ ነው ይላል።

«ለሁሉም የየምርጫው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻላል። ግን የምርጫ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ይህን ያህል አይቀያየምም ነበር። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባወጣው ድርሰት ከ«ዶን ኪኾቴ» ልብወለድ የወሰደው ጨዋታ እዚህ ይጠቅመናል። ሁለት የወይን ጠጅ አዋቂዎች ከአንድ በርሜል ይቀምሳሉ። አንዱ ጠጁ ጥሩ ነው፣ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል አለ። ሌላው ደግሞ ብረት ብረት ይላል አለ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው የብረት ቁልፍ ተገኘ።

ወንበሩ ላይ ብረት የቀመሰችው አንባቢም አልተሳሳተችም። ሊሊና ራይል ፍቅረኛሞች ከሆኑ በኋላ፣ በአንድ ሞቅ ባለ ማታ፣ ራይል ምድጃ ውስጥ የተረሳውን ምግብ በባዶ እጁ ሊያወጣ ሲል ይቃጠላል። ሊሊ ወይን ጠጥታለችና ሳቋ ያመልጣታል። ቀጥሎ የምናገኛት ወለሉ ላይ ወድቃ ነው። የሁቨር ብልሃት የሚታየው እዚህ ነው፦ ታሪኩ በሊሊ አፍ ስለሚነገር ሰበቡን የምንፈልገው እኛ ነን። እጁ የቀዶ ሐኪም እጅ ነው፤ እንጀራው ነው፤ ደንግጦ ነው፤ እሷም ባትስቅ ኖሮ። ገጹን ስንገልጥ ለራይል ጥብቅና ቆመን ራሳችንን እናገኘዋለን።

ሂዩም ግን ከዚህ በላይ አብሮን አይሄድም። ለእሱ ጥሩ ዳኛ የሚባለው የግል ሁኔታውን ወደ ጎን ትቶ፣ ከወገንተኝነት ጸድቶ የሚቀምስ ሰው ነው። በዚህ መጽሐፍ ጉዳይ ከሁሉ ቀድማ ብረቱን የለየችው ግን የግል ሁኔታዋን ያልተወችው ናት። ተመታ የምታውቅ፣ ወይም እናቷ ስትመታ በር ጀርባ ቆማ የሰማች። ምላሷን የሳለው ያ ነው። ወገንተኛ ናት ብለን ከዳኝነት ወንበሩ ብናነሣት የምናጣው እውቀቱን ራሱን ነው።

እንግዲያው የደረሰባቸው ይፍረዱ እንበል? እሱም አያዋጣም፤ የደረሰባቸውም አንድ ቃል የላቸውም። አንዷ ይህን መጽሐፍ አንብቤ ነው ራሴን ይቅር ያልኩት ትላለች። ሌላዋ የእኔን ስቃይ የፍቅር ማጣፈጫ አደረጉት ብላ ትቆጣለች። እኛም ዘንድ «ልጆችሽን አስቢ፣ ቻዪው» ተብላ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት ይህን ብታነብ ከሁለቱ ወደየትኛዋ እንደምታደላ መገመት ይከብዳል።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ ሴቶች ከመጽሐፉ የሚጠይቁት ይለያያል። አንደኛዋ የምትፈልገው ለምን እንደቆየች የሚረዳላት ሰው ነው። ሁለተኛዋ የምትፈልገው ታናሽ እህቷን የሚያስጠነቅቅላት ነው። ሊሊ ለምን እንደቆየች እንዲገባን ራይል ከልብ መወደድ አለበት፤ የማይወደድ ቢሆን ኖሮ መቆየቷ ቂልነት ይመስለን ነበር። ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ግን ከሩቅ መታወቅ አለበት። ራይልን ያጣፈጠው ዐረፍተ ነገር ለአንዷ መጽናኛ፣ ለሌላዋ ወጥመድ ነው፤ ደራሲዋም አንዱን አስቀርታ ሌላውን ብቻ ልትጽፍ አትችልም ነበር። ሁቨር ይህን ከገዛ ቤቷ ታውቀዋለች። እናቷ አባቷን ጥላ የወጣችው በዱላ ምክንያት እንደነበር በመጽሐፉ መጨረሻ ጽፋለች፤ መታሰቢያነቱን ደግሞ ለሁለቱም ሰጥታለች። በበኩሌ ከመጽሐፉ ሁሉ ሐቀኛው ገጽ ይህ የመታሰቢያ ገጽ ይመስለኛል።

እንዲህ ስል ማንኛውም ንባብ ያስኬዳል ማለቴ አይደለም። በጥር 2023 በዚሁ ልብወለድ ላይ የተመሠረተ የቀለም መቀቢያ ደብተር ሊወጣ ነው ተብሎ ተነገረ። አንባቢ ጮኸ፤ ሁቨርም ይቅርታ ጠይቃ ዕቅዱን ሰረዘችው። ቁጣው ተገቢ ነበር። ራይልን አፍቅሮ በኋላ መደንገጥ መጽሐፉ ራሱ የሚጠይቀው ጉዞ ነው፤ ሳይደነግጡ ሥዕሉን መቀባት ግን ግማሹን አለማንበብ ነው።

መጨረሻውም ያነታርካል። ሊሊ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ራይልን ፈትታ፣ ከወራት በኋላ የልጅነት ፍቅረኛዋን አትላስን መንገድ ላይ ታገኘዋለች። ሕፃኗን ለራይል አስረክባ ወደ አትላስ ትሮጣለች። የፍቅር ልብወለድ ወጉ ነውና ደስታው መምጣት ነበረበት፤ ለእኔ ግን ከአንዱ ወንድ ወደ ሌላው ካልተሻገረች ታሪኩ የማያልቅ አስመስሎታል። ብዙ አንባቢ አብሯት ይሮጣል። አንዳንዷ ግን ሕፃኗን ይዞ ከሄደው ሰው ላይ ዓይኗን አትነቅልም፦ መቼ ይመልሳታል? ስታለቅስበት ምን ያደርጋል? ክፉ አሳቢ ናት የሚሏት አሉ። በጥቅምት 2022 የወጣው ተከታይ መጽሐፍ ግን አትላስን እንደገና ማግኘቷ ራይል ጆሮ ሲደርስ ምን ይመጣ ይሆን ብላ የምትሰጋ ሊሊን ያሳየናል።