ሕመመ አእምሮና የክርስቲያን ፍርድ

ሰው እግሩ ቢሰበር ወይም ሳንባው ቢታመም ዘመድ ይሰበሰባል፥ ጎረቤትም «እግዚአብሔር ይማርህ» ይለዋል። አእምሮው የታወከ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንዱ «ሰይጣን ይዞታል»፥ ሌላው «ተደግሞበታል»፥ ሦስተኛውም «የአባቱ ኃጢአት ነው» እያለ ይፈርድበታል። እንግዲህ የሕመሙን ምክንያት ሳናውቅ በሕመምተኛው ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የሰጠን ማን ነው?

ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ በምዕራፍ 4 ወደ ጌታችን የመጡትን ድውያን ሲቆጥር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፥ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፥ ሽባዎችንም ለብቻ አድርጎ ጽፏል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ልንቀላቅለው አይገባንም። ርኩስ መንፈስ መኖሩን እናምናለን፤ ነገር ግን አእምሮው የታወከ ሁሉ ርኩስ መንፈስ አድሮበታል ማለት ከዚህ እምነት የሚወጣ አይደለም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደውም ሰው ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አልፈረደም።

የፍርዳችን ጉዳት ቀላል አይደለም። በአገራችን ገጠር ተደርጎ በ1993 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት 178 የሕሙማን ዘመዶችን ጠይቆ ነበር፤ ከእነርሱ በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መናቅና መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደ ደረሰባቸው የተናገሩት ከመቶ 75 ያህል ነበሩ። ይህን የፈራ ቤተሰብ ልጁን በጓዳ ይሸሽጋል፤ የመታከሚያውም ጊዜ ያልፋል። በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን ለአእምሮ ሕሙማን ብቸኛ የነበረው ሆስፒታል አማኑኤል ይባላል፤ ትርጓሜውም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። ሕዝባችን ግን «አማኑኤል የሚገባ» እያለ የጌታን ስም መሳደቢያ አደረገው። ይህ ለሚሰማ ክርስቲያን ታላቅ ኀዘን ነው።

«ጸበል ካለ መድኃኒት ስለ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን የፈውስ ቃል ካመጣለት በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዝዟል፤ ተስፋው መድኃኒቱን አላስቀረውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ከጸበሉ ጋር መድኃኒቱን እንዲወስዱ መክረዋል። ለሥጋ ሕመም የተፈቀደው ለአእምሮ ሕመም ስለ ምን ይከለከላል? ሐኪም ያዘዘውን በድንገት ያቋረጠ ሕመምተኛ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በርትቶ ይመለስበታል።

ስለ ሰንሰለትም አንድ ነገር እንላለን። ሌላ መድረሻ ያጣ ቤተሰብ በጭንቅ እንደሚያስር እናውቃለን፥ በእርሱም አንፈርድም፤ ነገር ግን ሰንሰለት ጸሎት አይደለም። በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው ጎረቤቶቹ ብዙ ጊዜ በሰንሰለት አሥረውት ነበር፥ አልፈወሰውም። ጌታችን ግን አዳነው፤ ልብስ ለብሶ፥ ልቡ ተመልሶለት ተቀመጠ፤ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹም ላከው። ፈውሱ የተፈጸመው ወደ ሰው መካከል በመመለሱ ነው።

ስለዚህ አባቶች ካህናት ሆይ፥ ሕመምተኛ ወደ እናንተ ሲመጣ መድኃኒት የሚወስድ እንደ ሆነ ጠይቁ፥ እንዳያቋርጥም ምከሩት። ፍትሐ ነገሥቱ ሕመምተኛን ከጾም ነፃ እንደሚያደርግም አስታውሱት። ምእመናንም በማዕዳችሁና በማኅበራችሁ ስፍራ አትንፈጉት። ምክንያቱን መመርመር ለእግዚአብሔርና ለሐኪም ይሁን፤ ለእኛ የታዘዘልን ምሕረት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።