ችሮታና ፍርድ በትምህርት ቤት

ለሰው መራራት መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ርኅራኄ በፍርድ ስፍራ በተቀመጠ ጊዜ ሰውን ሊያዋርድ እንደሚችል ማስተዋል ይገባናል። ይህንንም በአካል ጉዳተኛ መምህር ቅጥር ላይ እንመርምረው።

አንድ ዓይነ ስውር ሰው ትምህርቱን በሚገባ ፈጽሞ በመምህርነት ተመደበ እንበል። ርእሰ መምህሩም ቸር ሰው ነውና፥ «አይቸገሩ፤ ደመወዝዎ በየወሩ ይከፈልዎታል፤ ክፍሉን ግን ሌላ መምህር ይያዘው» ቢለው ጠቀመው ወይስ በደለው? እኛስ በድሎታል እንላለን፤ እንጀራውን ሰጥቶ ሙያውን ነሥቶታልና።

የአገራችን ሕግም ይህን ልዩነት ተመልክቶታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች የተለየ የሥራ ቦታ የሚመድብ ነበር። አሳቡ በጎ ቢሆንም፥ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት አይችሉም የሚል ግምት ማሳደሩን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 በመግቢያው ገልጿል። ስለዚህ ይህ አዋጅ መድልዎን ከልክሎ፥ አሠሪው የሥራውን ስፍራና መሣሪያ እንዲያመቻች፥ ለሥራው የሚያስፈልግ ረዳትም እንዲመድብ ግዴታ ጣለበት። በአካል ጉዳቴ ምክንያት ተበደልሁ የሚል ሰው ክስ ባቀረበ ጊዜም፥ የማስረዳቱ ሸክም የተከሳሹ እንዲሆን ደነገገ።

«ለአንዱ መምህር የፈተና ወረቀት የሚያነብለት ረዳት ሲሰጠው ሌላው ብቻውን የሚደክም ከሆነ፥ እኩልነት ወዴት አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በማታው ትምህርት ቤት መብራት የሚበራው ለማን ነው? ለሚያየው መምህር አይደለምን? የመብራቱ ዋጋ ሲከፈል ለእርሱ የተደረገ ችሮታ ነው ያለ ማንም የለም። ዓይነ ስውሩ መምህር ለራሱ መብራት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አንባቢ ነው። ሁለቱም የሥራ መሣሪያ ናቸው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በቅኔ ቤት ዓይነ ስውራን መምህራን ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርማል። ትምህርቱ በመስማት ላይ የቆመ ስለ ሆነ የዓይን መታወር መምህሩን ከወንበሩ አላወረደውም። እንግዲህ ሰውን ከሥራ የሚያግደው የአካሉ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የቤቱ አሠራር ጭምር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እርግጥ ነው፥ ትምህርት ቤት የቆመው ለሕፃናቱ ነው። የሥራው ጠባይ በእውነት የማይፈቅድበት ጊዜ መኖሩን ሕጉም አልዘነጋም። ሆኖም ይህ የሚታወቀው መሣሪያው ከቀረበና ሰውየው ከተሞከረ በኋላ ነው እንጂ ገና በር ላይ ሳለ በግምት አይደለም።

ስለዚህ እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች፥ እንዲህ ያለ መምህር ወደ ቢሯችን በመጣ ጊዜ አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባን «ምን ይጎድልዎታል?» ብለን ሳይሆን፥ «ለማስተማር ምን ያስፈልግዎታል?» ብለን ነው። መልሱንም ከሰማን በኋላ ክፍሉን እንስጠው።