የተሰጠንን ጸጋ ለእንጀራ ማዋል ይገባልን?



በዘንድሮው የፋሲካ ሰሞን ከመሥዋዕተ ቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ባለትዳር ወደ ቁምስናው ቢሮ መጥቶ ምክር ጠየቀን። በሥራ ቀናት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ያገለግላል፤ በእሑድና በበዓላት ቀን ግን ካሜራው ከአንገቱ አይወርድም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆርቡ ሕፃናትን፣ የሆሣዕናን ዑደት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ፀሐይ የሚሞቁ አረጋውያንን ሲያነሣ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ያዘዘው የለም፤ የከፈለውም የለም። «አባ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ትቼ ፎቶ ቤት ልክፈት እያልኩ አስባለሁ» አለን። «ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ፀንሳለች፤ ደመወዜም አልበቃን ብሏል። ነገር ግን ደስ እያለኝ የማደርገውን ነገር በገንዘብ ብለውጠው እግዚአብሔርን የማሳዝን ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። በመዘምራን መካከል ድምፁ ያማረና ለየሠርጉ የሚጠራ አለ፤ የመሠዊያውን ልብስ የምትጠልፍ እናት አለች፤ ቅዱሳት ሥዕላትን የሚሥል ወጣት አለ። እነዚህ ሁሉ አንድ ቀን ይህንኑ መጠየቃቸው አይቀርም።

እኛም ቸኩለን መለስንለት። ጌታችን ሐዋርያትን በላካቸው ጊዜ በከንቱ የተቀበሉትን በከንቱ እንዲሰጡ ማዘዙን (ማቴ. 10፥8) አስታወስነውና፣ የሚያይበት ዐይን የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆነ ወደ ገበያ እንዳያወጣው መከርነው። ምክራችን መንፈሳዊ መስሎን ነበር። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ አመስግኖን ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ነገሩን ስሙን ሳንጠራ ለአንድ በዕድሜ የገፉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር አጫወትናቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን ገለጡና፣ «አባታችን፣ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብለው ቢያነቡስ?» አሉን። ዝቅ ብለን ብናነብ እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ በ10ኛው ቁጥር፣ ሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ጌታ ይናገራል። በሉቃስ ወንጌልም (10፥7) ያንኑ ስለ ደመወዝ ይናገራል። ጥቅስን ከቦታው ነቅለን እንዳንጠቅስ በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ተመክረናል! ምክሩን ያስታወሱን ግን ዘርአ ክህነት ደጃፍ ያልረገጡ ሰው ሆኑ።

እንግዲህ ቃሉን በቦታው እንመልከተው። ጌታ በከንቱ ስጡ ያለው ድውያንን ስለ መፈወስ፣ አጋንንትን ስለ ማውጣት፣ መንግሥተ ሰማያትን ስለ መስበክ ነው። ይህ የሰው ድካም ያላፈራው፣ ዋጋም የማይተመንለት ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሲሞን የተባለው ጠንቋይ የተገሠጸው ይህንን በገንዘብ ለመግዛት ስለ ሞከረ ነበር። የእጅ ሥራ ግን ሌላ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር በጥበብ፣ በማስተዋልና በዕውቀት መንፈሱን ሞላሁበት ብሎ የተናገረለት የኡሪ ልጅ ባስልኤል፣ ካህን ወይም ነቢይ ሳይሆን ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ፣ ዕንቍ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለ እጅ ነበር። በሀገራችን ባለ እጅን የመናቅ ክፉ ልማድ ለኖረብን ለእኛ ይህ ምዕራፍ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖሯል (ሐዋ. 18፥3)። በዚህ ሥራው አላፈረም፤ ወንጌልን ከመስበክም አላገደውም።

ብፁዕ አባታችን ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ ዛሬ በቅዱሳን ማኅበር የምንጠራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሴርቼንስ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የሥራ ክብር የሚለካው በሚሠራው ነገር ዓይነት ሳይሆን ከሁሉ አስቀድሞ በሚሠራው ሰው መሆኑን አስተምረዋል። ለቤተሰብ ኃላፊ የሚከፈለው ዋጋም ቤተሰቡን በአግባቡ ለማኖር የሚበቃ ሊሆን እንደሚገባው በዚያው መልእክት ጽፈዋል።

ይህን ካሰብን በኋላ የወጣቱን ጥያቄ ትተን ወደ ራሳችን መመልከት ግድ ሆነብን። ለስንት ዓመት ነው ይህን ሰው «እስቲ ና፣ አንሣልን» እያልን ስንጠራው የኖርነው? ካሜራውን የገዛው የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰው ነው። የታክሲው፣ የባትሪው፣ የማሳተሚያው ወጪ ከራሱ ኪስ ነበር። እኛ የከፈልነው «እግዜር ይስጥልን» ብቻ ነው። በዚህ መጽሔት ላይ ከወጡት ፎቶግራፎች ጥቂቶቹ የእርሱ ናቸው፤ ስሙን እንኳ ከሥራቸው አልጻፍንም። በከንቱ ስጥ ብለን የመከርነው እኛ በከንቱ ስንቀበል ኖረናል። ለአናጢው፣ ለግንበኛው፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያለ አንዳች ክርክር ከፍለን ለፎቶ አንሺው ግን ያልከፈልነው፣ ደስ እያለው ስለሚሠራ ነውን? ደስታ ከደመወዝ የሚቀነስ ከሆነ፣ በሥራው ሁልጊዜ የሚያጉረመርም ሰው ከሁላችን ይበልጥ ይከፈለው ማለት ነው!

ያለ ክፍያ የተሠራ ብቻ ንጹሕ ነው ለሚሉ ወገኖች የቶሪኖው መግነዝ ታሪክ መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 1898፣ ሰኮንዶ ፒያ የተባለ ኢጣሊያዊ የሕግ ጠበቃ፣ በቶሪኖ ካቴድራል ለሕዝብ እንዲታይ የወጣውን መግነዝ በመስተዋት ላይ ፎቶግራፍ አነሣው። ፎቶግራፍ ለፒያ የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ እንጂ እንጀራው አልነበረም። በጨለማው ክፍል ኔጋቲቩን ሲያጥብ፣ በጨርቁ ላይ ደብዝዞ የሚታየው መልክ ጎልቶ የሰው ፊት ሆኖ ታየው። ብዙዎች ተደነቁ፤ ሌሎች ግን ስሕተት ነው፣ ተንኮልም ሊሆን ይችላል አሉ። ይህ ጥርጣሬ ከ30 ዓመት በላይ ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1931 መግነዙ እንደ ገና ለሕዝብ ሲታይ፣ በፎቶግራፍ ሙያ የሚተዳደር ጁዜፔ ኤንሪዬ በተሻለ መሣሪያ አነሣው፤ የእርሱም ኔጋቲቭ ያንኑ ፊት አሳየ። ቤተ ክርስቲያን ስለ መግነዙ እውነተኛነት የእምነት አንቀጽ አላወጣችም፤ እኛም እዚህ ያነሣነው ለዚያ ክርክር አይደለም። ያለ ዋጋ የሠራውን ሰው ስም ከሐሜት ያነጻው በሙያው እንጀራ የሚበላ ሰው መሆኑን ግን ልብ እንበል።

ስለዚህ ለወጣቱ መልሰን ልከንበት ይቅርታ ጠየቅነው። ገንዘቡ ሥራህን አያረክሰውም አልነው። ይሁን እንጂ ምክራችንን ገልብጠን በቶሎ «ሂድ ክፈት» አላልነውም፤ ደመወዝ ያላረከሰውን ነገር ሊለውጠው ግን ይችላልና።

በመጀመሪያ የሚለወጠው ጊዜው ነው። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቆጥር ይመክራል (ሉቃ. 14፥28)። እኛም ከወጣቱ ጋር ተቀምጠን ቆጠርን። ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም ግን ሙሽራ የለም፤ የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። በዚያ ሰሞን ፎቶ ቤትን የሚያኖረው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ቀድሞ ክርስትናውም ልደቱም ፎቶ አንሺ ይጠራበት ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ከኪሱ ስልኩን ያወጣል። ሠርጉም የሚውለው ቅዳሜና እሑድ ነው። ትናንት እሑድ ቀን ካሜራውን አስቀምጦ ለመቁረብ የሚነሣው ሰው፣ ነገ የሙሽሮች ሰው ሆኖ የሚቆምበት ቦታ ይለወጣል። በሠርግ ቅዳሴ ላይ ኅብስቱና ወይኑ በሚባረኩበት ሰዓት ለመሠዊያው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ካህኑን ገፋ አድርገው የሚያነሡትን አይተናል፤ ካህናት ሁሉ አይተዋል። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ተከፍሏቸዋልና ሥዕሉ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። የተከፈለው ዐይን የከፈለውን ያያል። ከሁለት ዓመት በፊት ከቁምስናችን ጉሊት የምትቸረችር አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን በሕመም አጣች። ለቅሶ ቤት በሄድን ጊዜ፣ እንደ ልማዳችን የሟቹ ፎቶግራፍ በጠረጴዛ ላይ አልነበረም። ፎቶ ቤት ወስዳው አታውቅም፤ ካሜራ ያለው ስልክም አልነበራትም። «መልኩ ከዐይኔ እንዳይጠፋ እፈራለሁ» ትል ነበር። ይህ ወጣት ያነሣቸውን ሁሉ ሌሊቱን ሲፈልግ አድሮ፣ ልጁን በአንድ የሆሣዕና ቀን ፎቶግራፍ ውስጥ አገኘው። የዘንባባ ጉንጉን በግንባሩ አስሮ፣ የሚስቅ አፉ ሁለት ጥርስ ጎድሎት፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ይመለከታል። ወጣቱ ሥዕሉን አስፍቶ፣ በፍሬም አስገብቶ በሦስተኛው ቀን ይዞላት መጣ። እናቲቱ የጮኸችውን ጩኸት እዚያ የነበርን አንረሳውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕቅፍ አድርጋ ዝም አለች።

ያንን ፎቶግራፍ ማን ሊያዝዘው ይችል ነበር? ወጣቱ በዚያ ሆሣዕና በአንድ ባለ ሠርግ ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሕፃን በደጁ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየው ነበርን? ይህን በጠየቅነው ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ፣ «አባ፣ እኔንም የሚያስፈራኝ እርሱ ነው፤ መናገር አቅቶኝ እግዚአብሔርን አሳዝናለሁ ያልኩት እርሱን ነው» አለን። እኛ በመጀመሪያው ቀን ያልሰማነው ይህን ነበር።

በኦሪት ዘሌዋውያን (19፥9-10) እግዚአብሔር ለእርሻ ባለቤቶች የሰጠው ትእዛዝ ለዚህ የሚረዳ ይመስለናል። አራሽ አዝመራውን ሁሉ ለድሀ ስጥ አልተባለም፤ ልጆቹን የሚመግበው በእርሻው ነውና። ነገር ግን ዳር ዳሩን እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ታዝዟል። ያ ዳር የድሀውና የመጻተኛው ነው። ሩት የዳዊት ቅድመ አያት ለመሆን የበቃችው በእንዲህ ያለ የእርሻ ዳር ስትቃርም ነበር። ፎቶ አንሺም እርሻውን ይረስ፤ የሠርጉን፣ የምረቃውን ዋጋ ሳያፍር ይጠይቅ። ነገር ግን ማንም ያላዘዛቸውን የሚያነሣበት ቀን ይተው፤ ያን ቀን የገዛ ትርፉ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ይወቅ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 መብቱን በብዙ ማስረጃ ካስረዳ በኋላ አልተጠቀምሁበትም ይላል። መብት የሌለው ሰው መተው አይችልም፤ ይህን ወጣት ደመወዝ ነፍገን በጎ አድራጊ አድርገነው ነበር ማለት አንችልም።

ከዚህ ሌላ እንደ እኛ አስተያየት፣ መሥሪያ ቤቱን ዛሬውኑ ይልቀቅ አንልም። ባለቤቱ ሳትስማማ አንድ እርምጃ እንዳይራመድ አስጠንቅቀነዋል። በመጪው ጥር የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ይሞክረው፤ አንድ ዐቢይ ጾም ደግሞ ያለ ሠርግ ገቢ ይቁጠር። ፊታቸውን ከተፈጠሩበት መልክ ይበልጥ እንዲያነጣላቸው የሚለምኑት ደንበኞች መምጣታቸው ስለማይቀር፣ መልሱን ከወዲሁ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

የቁምስናው ምክር ቤትም ነገሩን ተመልክቶ፣ ለጰራቅሊጦስ በዓል ፎቶግራፎች ዋጋ እንዲከፈለው ወስኗል። ከዚህ እትም ጀምሮም የፎቶ አንሺዎች ስም ከሥራቸው ሥር ይጻፋል። የሌሎች ቁምስናዎች ምክር ቤቶችም የጠላፊዋን፣ የሠዓሊውንና የኦርጋን መቺውን ሒሳብ እንዲመለከቱ እንለምናለን።

ወጣቱ ባለፈው ሳምንት ከባለቤቱ ጋር መጥቶ የሒሳቡን ወረቀት አቀረበልን። ያለፉትን ዓመታት ጭምር እንዲያስብ ነግረነው ስለ ነበር፣ የማሳተሚያውን፣ የመጓጓዣውን፣ የድካሙን ሁሉ በየመስመሩ ጽፎታል። የዚያ ሕፃን ሥዕል የሰፋበትና የፍሬሙ ዋጋ ግን በወረቀቱ ላይ የለም። ረስቶት እንደ ሆነ ብንጠይቀው፣ «እርሱን ለቁምስናው አይደለም የሠራሁት» ብሎ መለሰልን። የቀረውን ከፈልነው፤ ቆጥሮ ተቀብሎ ፈረመልን።